በእርግጫ የተከፈተው በር

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የእናቴ ቤት በር ተሰበረ። የሰበረው ሌባ አይደለም። የሰበሩት ስድሳውን ያለፉ፣ «ወይ ጉልበቴ» እያሉ ለቅሶ ቤት እንኳ ከሁሉ ቀድመው ወንበር የሚፈልጉ ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉለሌ ባለው ቤታችን የምትኖረው ብቻዋን ነው። እኔ ለሥራዬ ይቀርበኛል ብዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ፤ ታላቅ እህቴ ዱባይ ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት እማዬ መርፌዋን ተወጋችና ቁርሷን ሳትበላ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብላ ተኛች። ሦስት ሰዓት ላይ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቡና ሊጠሯት መጡ። ቢያንኳኩ መልስ የለም። ስልኳ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው። ጋሼ ተጠሩ። አንዴ በትከሻ፣ ሁለት ጊዜ በእርግጫ። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቅሎ ሳሎን ውስጥ ወደቀ።

እማዬ አልጋው ሥር ላብ አጥምቋት ተገኘች። ትናገራለች፣ ግን ንግግሯ አይያያዝም። ጨርሳ ራሷን ስላልሳተችና መዋጥ ስለምትችል ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧት፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኔ በሦስት ታክሲ ተቀባብዬ ስደርስ ቀና ብላ ተቀምጣ «በሬን የሰበረው ማነው?» እያለች ነበር። እናት!

እናም እንግዲህ፣ እናቴን ያተረፋት የበሩ ድክመት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ ነው ዛሬ ስለ በር የምጽፍላችሁ። እዚህ ገጽ ላይ ጓደኞቼ ስለ ምርጫና ስለ ኑሮ ውድነት ይጽፋሉ፤ የኔ ድርሻ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ሆኗል። ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ ሟቹ ጥቂት ልበል። የጣውላ በር ነበር፣ አረንጓዴ የተቀባ፤ ቀለሙ በእጃችን መያዣ በኩል ተልጦ ሦስት ያለፉ ቀለሞች ይታዩበታል። ክረምት ላይ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና በዳሌ ካልተገፋ አይዘጋም። በጋ ላይ ይሰበሰብና በስንጥቁ ፀሐይ ያስገባል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት አለችው፤ እማዬ ማታ ማታ የድሮ ሹራቤን ጠቅልላ ትወትፍባታለች። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ ገና ሳያንኳኳ በዚያች ክፍተት ጫማውን አይተን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። (ዛሬ ለዚሁ ሥራ ካሜራ ይሸጥላችኋል።)

በሩ በተሰበረ ማግስት በኢሞ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጥን። እህቴ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ «ብሩን እኔ እልካለሁ። አንቺ የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ምንም ቢያደርግ የማይሰብረው በር» አለችኝ። አንድ አፍታ ዝም አልኩ። ትናንት እኮ አንድ ሰው ሰብሮት ነው እናታችን የተረፈችው! ግን በእህቴ አትፍረዱ። ከሁለት ዓመት በፊት እማዬ ለቅሶ ሄዳ ሳለ ቴሌቪዥኑን በዚያው በር ነው ያስወጡት። አንድ ሰው ከእናቱ ርቆ ሌሊት ሲነቃ የሚያስበው ሌባውን ነው። ሌባ ፊት አለው፣ ሲራመድ ይሰማል። የወረደ ስኳር ግን ፊት የለው፣ እግር የለው፤ ማንም በእንቅልፉ አያየውም።

ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ምናለሽ ተራ። መርካቶን የሚያውቅ ያውቃታል፤ የትም የተጣለ ብረት፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት ሁሉ እዚያ ሁለተኛ ነፍስ ያገኛል። እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ በሮች አየሁ፤ አንዱ ላይ የቤት ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ አንዱ ላይ የሕፃን ልጅ ቁመት በእርሳስ ተሰምሮበታል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስንት በር ከቤቱ እንደተለየ አስቤ ልቤ ተነካ፤ ሻጩ ግን የልቤን መነካት በዋጋው ላይ ሊጨምርበት ስለሆነ ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

ቀጥሎ «የቱርክ በር» የሚሸጥበት ቤት ገባሁ። ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ በሮች ቆመዋል፤ ላያቸው እንጨት ይመስላል፣ ሆዳቸው ብረት ነው። ቁልፉን ስታዞሩት በጎን፣ በላይና በታች ወፋፍራም ዘንጎች ወጥተው መቃኑ ውስጥ ይሰካሉ። ዳር ዳሩን ጎማ ዞሮታል፤ ሲዘጋ እንደ ፍሪጅ «ጥብስ» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ አማረኝ። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ ቅቤ ነው።

«እህቴ፣ ይኼን በር ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ቢሉት አይከፈትም።»

«ጥሩ። ውስጥ ያለው ሰው ቢታመምና መክፈት ቢያቅተውስ?»

ትንሽ አሰበ። «እግዜር ይጠብቀው» አለኝ።

አልቀለደም። ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ዘንጎቹ ብዛት፣ ስለ ዋስትናው የሰለጠነ ልጅ ነው፤ ይቺን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም ብሆን ከግንቦት በፊት አልጠይቅም ነበር። በር የምንገዛው እንዳይገባ የምንፈልገውን ሰው አስበን ነው። መውጣት የሚያስፈልገንን ራሳችንን፣ መግባት የሚኖርበትን ጎረቤት አናስብም።

ጋሼን ይዤ ተመልሼ መጣሁ። እሳቸው በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። በሩን ዳሰሱ፣ ማጠፊያውን አዩ፣ አንድ ጊዜ ከፍተው ዘጉ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼን ከገዛሽ ቤቱን በሩ ላይ ነው የምንደግፈው» አሉኝ። ልክ ናቸው። የእማዬ ቤት ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ ማገር፣ በላዩ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ በላዩ ኖራ። እንዲህ ያለ ከባድ በር ግንብ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መቃኑ ይነቃነቃል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ዓመት ሳይሞላ በሩ ይዘምና መሬት ይልሳል። ደግሞስ ሌባ ምን በወጣው ከብረቱ ጋር ይታገላል? ጎን ያለው ግድግዳ በዶማ ይበሳል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በፌሮ ይፈነቀላል። ከቤቱ የጠነከረ በር መሥራት ማለት ሌባውን «በዚህ አትምጣ፣ በዚያ ና» ብሎ አቅጣጫ ማመልከት ነው።

ስለ ጎማውም አስቡ። የእማዬ ቤት ውስጥ ከሰል ይነዳል፤ ለቡናው፣ በሐምሌ ደግሞ ለብርዱ። ደህና ያልነደደ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት ያመጣል፣ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ይገድላል። እስከ ዛሬ ያ ስንጥቅጥቅ ያለ የጣውላ በር እኛ «ብርድ አስገባ» እያልን ስንረግመው አየር ሲያስገባልን ኖሯል። ግጥም ያለውን በር ስታስገቡ ከሰሉን ካላወጣችሁ፣ ብርዱን ብቻ ሳይሆን ትንፋሻችሁንም ነው የዘጋችሁት። ይኼን የሚነግራችሁ በር ሻጭ አላጋጠመኝም።

እሳቱስ? ብዙ ሰው ቤት ማታ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። በሩ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ከዚያ ከውስጥ በኩል ባለው ፍርግርግ ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ የአባወራው ትራስ ሥር ነው፣ ወይም የቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ወይም «እዚች ጋ አስቀምጬው ነበር እኮ»። መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው። አሁን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽቦ ተቀጣጠለ በሉ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ጭሱ ከጣሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ልጆች ይጮኻሉ። በዚህ መሐል ትራስ ሥር ትንሽ ቁልፍ መፈለግ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ቀዳዳዋን ማግኘት! አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ መጥሪያው 939 ነው፤ ያዙት። ነገር ግን መኪናው የእኛን ዓይነት ቀጭን መንደር ውስጥ እስኪገባ፣ ከገባም፣ በራችሁን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። እኔ ራሴ ጀሞ በተከራየሁት ቤት ሌሊቱን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ እጥል ነበር። የሴት ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ በጨለማ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

ብቻዋን የምትኖር ሴት ጠንካራ በር መፈለጓ ትክክል ነው፤ እኔም እፈልጋለሁ፣ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲቆም ልቤ ይቆማል። ጠንካራ በርና ወጥመድ ግን ይለያያሉ፤ የሚለያያቸው ደግሞ የብረቱ ውፍረት ሳይሆን ቁልፉ ነው። ይቺን ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ተማርኳት። ሲሊንደር የሚባለው፣ ቁልፍ የሚገባበት ክፍል፣ በሁለቱም በኩል ቁልፍ የሚፈልግ ከሆነ ከውስጥ ቁልፉን ሰክታችሁ ከተዋችሁት በአብዛኛው ሌላ ቁልፍ ከውጭ አይገባም። መለዋወጫ ቁልፍ ለመቶ ሰው ብትሰጡ ዋጋ የለውም። ሌላ ዓይነት አለ፤ በውስጥ በኩል በቁልፍ ፋንታ በእጅ የሚዞር ጉብታ ያለው። ለመውጣት ቁልፍ አይፈልግም፣ በጨለማም በጭስም በዳበሳ ይዞራል፤ ከውጭ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሰው ሁልጊዜ መክፈት ይችላል። በሩ መስታወት ካለው ግን ሌባ ሰብሮ እጁን አስገብቶ ያዞረዋልና መስታወቱን ተዉት። በሁለቱ መሐል ያለው የዋጋ ልዩነት በሩ ላይ ከምታወጡት ብር አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ሰው ግን ሙሉ ሀሳቡን በሩ ላይ ጨርሶ ቁልፉን «ያለውን ግጠምበት» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ የኛም ከነዚያ አንዱ ነው። እና በር መቀየር ፈቃድ ይጠይቃል። የፈረደበትን አንድ በር ለማስገባት ስንት በር እንዳንኳኳሁ አትጠይቁኝ። «ባለሙያው መስክ ነው»፣ «ነገ ተመለሺ»፣ «ፎቶ አያይዢ»። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፤ ደጅ ጥናት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስቱን ሳምንት የተሰበረው በር በሽቦ ታስሮ ቆመ፣ ጋሼም ማታ ማታ ወንበራቸውን ደጃችን ላይ አውጥተው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ምንም አልጠፋም። ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም፣ ዕድል ሊሆን ይችላል። ብቻ እንዲያ ሆነ።

ፈቃዱን ስናገኝ እህቴ አዲስ መከራከሪያ አመጣች። «ቤቱ ነገ ቢፈርስ ጣሪያውን አትወስጂው፣ ግድግዳውን አትወስጂው። በሩን ግን ነቅለሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ውዱን ግዢ።» ይኼን ስሰማ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። በዚህ ዘመን ከተማችን ውስጥ አንድ ሰው ስለ ቤቱ ሊያስበው የሚችለው ትክክለኛ ሀሳብ ይኼ ሳይሆን አይቀርም። መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ የጋሼ ግድግዳ ነው፤ «ግድግዳው አይችለውም» አልኳት። በዚያው ጸና።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያለ በያጅ ሠራው። ቱቦላሬ ፍሬም፣ በላዩ ላሜራ፣ ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ አረንጓዴ (እማዬ ሌላ ቀለም አልሰማም አለች)። ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግነው። ጋሼ ናቸው ያሉት፤ «ያን ቀን በሩ ሥር ወድቃ ቢሆን ኖሮ በርግጬ እሷኑ ነበር የምመታት» አሉ። ወደ ውጭ ሲከፈት ማጠፊያው ለሌባ ስለሚጋለጥ ፒኑ እንዳይወጣ ጫፉ ተበየደ። ሲሊንደሩ ያ ጉብታ ያለው ነው። እማዬ መቀርቀሪያ ካልተጨመረ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ ካለ ከውጭ ቁልፍ ምን ይሠራል? በቀጭን ሰንሰለት ተስማማን፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ማን እንደመጣ ታይበታለች፣ የግድ ከሆነ ደግሞ በመቁረጫ ይበጠሳል።

ቀረ ቁልፉ። አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። እኔ ያለሁት ጀሞ ነው፤ ከጀሞ ጉለሌ እስክደርስ ስኳር አይጠብቅም። ሦስተኛው ለጋሼ መሆኑ ለእኔ ግልጽ ነበር። እማዬ ግን አሻፈረኝ አለች። ተናደድኩ። «እንዴ! ሕይወትሽን ያተረፉ ሰው አይደሉም? አታምኛቸውም?» አልኳት።

«አምናቸዋለሁ፤ ለዚህ ነው የማልሰጠው» አለች። «ነገ አንዲት ነገር ቢጠፋኝ፣ እኔ ባላስበው እህትሽ ታስባለች። እህትሽ ባታስብ ሰፈሩ ያስባል። እሳቸውም ያወራሉ ብለው ይጨነቃሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ቡና የጠጣሁትን ሰው ለአንድ ብረት ብዬ ላጣ?»

ለዚህም መልስ አልነበረኝም። እኛ ወጣቶቹ ጎረቤት የማንቀርበው ስለማናውቀው ነው፤ እሷ ቁልፉን የማትሰጠው ስለምታውቃቸው ነው። እኔ ጀሞ ውስጥ ግድግዳ የምጋራትን ልጅ ስሟን የማውቀው ከመብራት ቢሏ ላይ አንብቤ ነው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ሳለ እማዬ መነጽሯን አድርጋ መርፌና ክር ይዛ አገኘኋት። ቁልፉን በቁራጭ አቡጀዴ ጠቅልላ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ዘግታዋለች፤ ልክ ክታብ ይመስላል። ክሩ ቀይ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ማንም የሌለው ዓይነት፣ እህቴ ከዱባይ የላከችው። ካልተቀደደ አይወጣም፣ ከተቀደደ ይታወቃል። ስጨርስ ለጋሼ ውሰጂላቸው አለችኝ። «እሳቸውም ሰላም ይተኛሉ» አለች።

ጋሼ ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ምንም ሳይሉ ግድግዳቸው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ምስማር ላይ አንጠለጠሉት። እትዬ «ደግሞ ዘንድሮ ለበርም መድኃኒት ተጀመረ?» ብለው ሳቁ።

የዚያን ዕለት ማታ እማዬ ጋ አደርኩ። አዲሱ በር ከሥሩ ሁለት ጣት ክፍተት አለው፤ ለአየር ብዬ ለበያጁ በሜትር ለክቼ ነበር የነገርኩት። መብራት አጥፍተን ልንተኛ ስንል እማዬ ተነሣች፣ ያንን የድሮ ሹራቤን ከቁም ሣጥን አወጣች፣ ጠቀለለችና ልትወትፈው ጎንበስ አለች።

«እማዬ!»

«ብርዱስ?»

«ከሰሉ ወጥቷል?»

ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ሹራቡን ለኔ ወርውራ ከሰሉን ልታወጣ በሩን ከፈተች።